በአንድ ፊደል ለከፋ

«ሚ»ን «ማ» ማድረግ በስልክ ገበታ ላይ ከአንድ ንክኪ አይበልጥም። ሚንጆ የካፋን መንግሥት ለአምስት መቶ ዓመታት ያህል የገዙት ታቶዎች (ነገሥታት) የወጡበት ነገድ ነው። ማንጆ ደግሞ በዚያው በካፋ ጫካ ዳር በአደንና በማር፣ ኋላም በከሰልና በማገዶ ሽያጭ ሲኖር፣ ከሌላው ጋር በአንድ ገበታ እንዳይቀርብ፣ እንዳይጋባ፣ የሰው ቤት እንዳይዘልቅ ተደርጎ ለትውልዶች የተገለለ ማኅበረሰብ ነው። ማንም ገብቶ ሊያርመው በሚችለው በዊኪፔዲያ ላይ የካፋ ነገሥታትን ታሪክ ከፍቶ ይህችን አንድ ፊደል የሚለውጥ ሰው፣ ለሩቅ አንባቢ ጣቱ የሳተ ነው የሚመስለው። ኮምፒውተሩም አይጠረጥረውም፤ ሁለቱም ያሉ ስሞች ናቸው። ቦንጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ግን ገና ሲያየው ነገሩ ይገባዋል። ቀልዱ የሚያስቀው ማንጆ መሆንን ውርደት አድርጎ ለሚቆጥር ሰው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ንጉሡን የነካ መስሎ የሚወጋው ማንጆውን ነው።

በኢንተርኔት ላይ አብረው በሚሠሩ ሰዎች መካከል ገብቶ በቀልድ የሚያውክን ሰው ዓለም ትሮል ይለዋል። እኛ እንደ አመሉ ተረበኛ፣ ፎጋሪ፣ ለካፊ፣ ነገር ፈላጊ እንለዋለን፤ ወጣቱ «ሙድ ያዘብን» ብሎ ያልፈዋል። የሚያሳስበኝ ይኸው ማለፉ ነው። ስድብ ጆሮ ስለሚያደማ ሁሉም ይነሣበታል፤ ሕግም ወጥቶለታል። ጨዋታ ለብሶ የሚመጣው ግን ሳቁ ቀድሞት ስለሚገባ የሚያስቆመው የለም።

ቦንጋ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በኮረብታ ላይ ተዘርግታ፣ ብዙ ጠዋት በጉም ተሸፍና የምትነጋ ከተማ ናት። ኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የአገሪቱ 11ኛ ክልል ሆኖ ሲቆም መቀመጫው ሆናለች። በዙሪያዋ ባለው ደን ውስጥ ቡና ማንም ሳይተክለው ይበቅላል፤ ዩኔስኮ ይህን ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። እዚህ ቡና ለብቻ አይጠጣም። ጎረቤት ይጠራራል፤ ጀበናው ወርዶ ሲኒው ሲዞር ወሬው በካፊ ኖኖና በአማርኛ እየተቀላቀለ ይሄዳል። ዘግይቶ የመጣ፣ አዲስ ጫማ የተጫማ፣ ገበያ ላይ በዋጋ የተሞኘ ሰው ካለ ተረቡ ይወርድበታል።

ተረብ ሕግ አለው። ጽፎ ያስቀመጠው ባይኖርም ሁሉም ያውቀዋል። ተረቡን የወረወረው ሰው እዚያው ተቀምጦ መልሱን ይጠብቃል። የተተረበው መልስ ካነሰው ከጎኑ ያለው ያቀብለዋል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው አይተረብም። ነገሩ ከልክ ሲያልፍ ከትልልቆቹ አንዷ «ኧረ ተው አንተ ልጅ!» ትላለች፤ ያ ከተባለ በኋላ የሚቀጥል ባለጌ ነው፤ ባለጌነቱም እስከ ነገው ቡና ድረስ ስሙ ላይ ይቆያል። ሦስተኛው ሲኒ ተጠጥቶ ሲበተን ተራቢውም ተተራቢውም በአንድ መንገድ ነው ወደ ቤታቸው የሚሄዱት።

አዝማሪውም ቢሆን ማሲንቆውን ይዞ ፊት ለፊት ቆሞ ነው የሚነካው። ግጥም የሚሰጠው ሰው ከታዳሚው መካከል ነው፤ ሰሙ ለሁሉም ይደርሳል፣ ወርቁ ለተነካው። የሴም ቋንቋዎች ሊቅ የነበሩት ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ የነጋዴዎችን፣ የአዝማሪዎችንና የዛር ሰዎችን ስውር አነጋገር መርምረው ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ ተሾመ ደምሴና ሊዮኔል ቤንደር በአዲስ አበባ ላጤ ሴቶች መካከል ይነገር ስለነበረ፣ የቃሉን ቅርጽ እየለወጠ ስለሚሰውር አነጋገር ጥናት አሳትመዋል። ሳስበው እንዲህ ያሉት ቋንቋዎች በአብዛኛው የተፈጠሩት አቅም የሌለው ሰው በባለ አቅሙ ፊት የልቡን እንዲናገርባቸው ነው። አዝማሪው ባለ ድግሱ ፊት ቆሞ ለባልንጀራው «ይህ ሰው ይሰጣል፣ ያ አይሰጥም» ማለት ያስፈልገዋል፤ ነጋዴውም ገዢው እየሰማ ስለ ዋጋ መማከር አለበት።

ትሮሉ ከዚህ ሁሉ ጥበቡን ወርሷል። ያልወረሰው መልስ እየጠበቁ መቀመጡን ነው። ወርውሮ ይሄዳል። ከዚያም አልፎ፣ በድሮው ሥርዐት ደካማውን የሰወረው ጥበብ በእሱ እጅ ሲገባ ብዙ ጊዜ ደካማውን መምቻ ይሆናል። የሚንጆና የማንጆ ፊደል ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው።

የተወረወረ ቀልድ ምን ያህል ዘመን ሊኖር እንደሚችል ዓለም አይቶታል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2005 አንድ ስሙን ያልገለጸ ሰው ከአውስትራሊያ ሆኖ በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ላይ አጭር ጽሑፍ ፈጠረ። ጽሑፉ «ጃር ኤዶ ዌንስ» የሚባል የአቦርጂኖች አምላክ እንዳለ፣ ምድራዊ ዕውቀትና የአካል ብርታት የእሱ እንደሆኑ፣ የተፈጠረውም ሰዎች እንዳይታበዩ እንደሆነ ይተርካል። እንዲህ ያለ አምላክ የለም። ስሙን ክፍተቱን አንሥቶ ያነበበ ሰው «ጃሬድ ኦውንስ» የሚል የተለመደ የፈረንጅ መጠሪያ ያገኛል። ጽሑፉ ወደ አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ቆይቶ የተሰረዘው እ.ኤ.አ. መጋቢት 2015 ነው። እስከዚያ ድረስ አንድ የፍልስፍና መጽሐፍ ሳይቀር ከተረሱ አማልክት ስም ጋር ዘርዝሮታል።

የዚህ ቀልድ ሰሙ አምላክ፣ ወርቁ የሠፈር ልጅ ስም ነው። ለምን አሥር ዓመት ቆየ? ገጹን ከሚያዩት መካከል የአቦርጂኖችን እምነት ከቤቱ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ነው። አንድ ሰው ስለ ታዋቂ እግር ኳስ ተጫዋች ቢቀልድ ግን በደቂቃ ውስጥ ይጠፋበታል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 2006 አሜሪካዊው የቴሌቪዥን ኮሜዲያን ስቲቨን ኮልበርት ተመልካቾቹን «ሂዱና የአፍሪካ ዝሆኖች ቁጥር በስድስት ወር ውስጥ በሦስት እጥፍ ጨመረ ብላችሁ ጻፉ» ባለ ጊዜ ጎርፉ ወዲያው መጣ፤ የዊኪፔዲያ አስተዳዳሪዎችም ስለ ዝሆን የተጻፉትን ገጾች ቆልፈው ነገሩ እስኪበርድ ጠበቁ። ዝሆን ብዙ ዘበኛ አለው። የካፋ መንግሥት ግን ስንት ዘበኛ አለው?

ፕኒና ሻካፍና ኖሪኮ ሃራ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት የዕብራይስጡን ዊኪፔዲያ አስተዳዳሪዎች ስለ ትሮሎች ጠይቀዋል። ካገኟቸው ምክንያቶች ዋና ዋናዎቹ መሰልቸት፣ ሰው እንዲያየኝ ማለትና በቀል ነበሩ። ለትሮሉ መዝገበ ዕውቀቱ መዝናኛ ቦታ ነው፤ ሰዎች ተሯሩጠው ሲያጸዱ ማየት ደስታው ነው። ስለዚህ ልምድ ያላቸው አስተዳዳሪዎች አይመልሱለትም፤ ስሙን አያነሡም፣ ዝም ብለው አጥፍተው ያልፋሉ። ቦንጋ ቡና ላይ ተረብን የሚያበርደው መልስ ነው፤ እዚህ ግን መልስ የሚያበርደው ነገር የለም፣ ያግለዋል እንጂ።

ፊደላችን ደግሞ ለዚህ ጨዋታ በጣም የተመቸ ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ በአማርኛ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንደዚሁ። «ፀሐይ»ን ቢያንስ በ6 መንገድ መጻፍ ይቻላል። አንድ የቴሌግራም ቡድን አንድን የስድብ ቃል በማጣሪያ ቢያግድ፣ ትሮሉ ሐመሩን ወይም ሃሌታውን ቀይሮ ያልፋል፤ ያም ካልሆነ በፊደሎቹ መካከል ነጥብ ይሰካል፤ ያም ካልሆነ አማርኛውን በላቲን ይጽፈዋል። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ብዙ ሰው አማርኛን በላቲን መጻፍ የለመደው በስልኩ ላይ ፊደሉን ባጣባቸው ዓመታት ነበር። ያ የችግር ጊዜ ልማድ ዛሬ መሰወሪያ ሆኖ ያገለግላል። መጥበቅና መላላት በጽሑፍ ስለማይታይም «አለ» የሚለው ቃል መናገርም መኖርም ይሆናል፤ የተያዘ ሰው «እኔ እንደዚያ ብዬ አልጻፍኩም፣ አንተ ነህ ያጠበቅከው» ብሎ ይከራከራል።

የካፋ ስም ራሱ ከዚህ አልዳነም። አገሩ በድሮው የአማርኛ አጻጻፍ «ከፋ» ነው። ይህ ጽሕፈት ከግሡ ጋር ስለሚገጥም፣ ስሙን ከመጥፎነት ጋር እያያያዙ መቀለድ በኢንተርኔት የተጀመረ አይደለም። «ለ» ሲጨመርበትማ ቃሉ መንገድ ላይ ሴት ልጅን የመልከፍ ስም ይሆናል። ዛሬ ብዙ የአካባቢው ሰዎችና መሥሪያ ቤቶች «ካፋ» ብለው ይጽፋሉ። ይህ አጻጻፍ ለስሙ ድምፅ ይቀርባል፣ የዚያን ቀልድ ቀዳዳም ይደፍናል። ይሁንና አንድ ሰው በአንድ ገጽ ላይ «ካፋ»ን «ከፋ» አድርጎ ቢያርም፣ የድሮ መጻሕፍት ሲያነቡ የኖሩ አባት ይሁኑ ወይስ ፎጋሪ በምን ይታወቃል? ፊደሉ አንድ ነው። ልዩነቱ በልብ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ትሮሉም የሚሸሸገው እዚያ ነው።

በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ክሉቦት ኤንጂ የሚባል ፕሮግራም ዘብ ይቆማል፤ ቀደም ብለው ከተሰረዙ ማበላሸቶች ተምሮ አዲሱን በሰከንዶች ውስጥ ይመልሳል። የአማርኛው ዊኪፔዲያ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ጽሑፎች አሉት፤ የሚጠብቁት አስተዳዳሪዎች በጣት የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ከሥራ መልስ፣ መብራትና ኔትወርክ ባለ ጊዜ፣ የሌላውን ቀልድ ሲጠርጉ ያመሻሉ። አገር ሊያመሰግናቸው ይገባል።

ስለ ካፋ ከሚነሡት ሁሉ ቶሎ የሚግለው ርእስ የቡና መነሻ ነው። ካፋዎች በዴቻ ወረዳ ያለውን ማንኪራን ይጠራሉ፤ ብሔራዊ የቡና ሙዚየምም ቦንጋ ላይ ቆሟል። ጅማዎች ጎማ ወረዳ ያለውን ጮጬን ይጠራሉ። ሁለቱም ሽማግሌዎች፣ ሁለቱም ታሪክ አላቸው፤ ክርክሩም የሁለት ጎረቤቶች የክብር ክርክር ነው። የፍየል እረኛውና የቀይ ፍሬዋ ተረት በጽሑፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ላይ በፋውስቶ ናይሮን መጽሐፍ ነው፤ እዚያ ላይ ካልዲ የሚል ስም የለም፤ ስሙ ኋላ የተጨመረ ነው። ይህን ሁሉ አንሥቶ መከራከር ዕውቀት ይጨምራል። ትሮሉ ግን ቡናው ከየትም ቢነሣ ግድ የለውም። ጠዋት ካፋ ሆኖ ጅማን ይነካል፤ ማታ በሌላ ስም ጅማ ሆኖ ካፋን ይነካል።

ቋንቋው እዚህ ላይ ይረቅቃል። አይሳደብም። «ለማወቅ ያህል ነው» ብሎ ይጀምራል። «ምንጭ ይኖርሃል?» ይላል፤ ምንጭ ሲቀርብለት የምንጩን ምንጭ ይጠይቃል። «ወንድሜ» ይላል፣ «አክብሬህ ነው» ይላል። ሌላው ሰው ትዕግሥቱ አልቆ ክፉ ቃል ሲያወጣ «እዩልኝ፣ እኔ ጠየቅሁ እንጂ ምን አልኩ?» ብሎ ለተመልካች ያሳየዋል። ዊኪፔዲያ ላይ ሌላው ሰው በቅን ልቦና እንደ መጣ መገመት ሕግ ነው። መልካም ሕግ ነው፤ ያለሱ ማንም ከማያውቀው ሰው ጋር አብሮ ሊጽፍ አይችልም። ትሮሉ የሚበላው ይህንኑ ቅንነት ነው።

የአገራችን ሕግ ይህን አያገኘውም። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ማንነትን መነሻ አድርጎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሣሣውን ንግግር ነው የሚመለከተው። የኦክስፎርድና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «መቻቻል» ብለው በሰየሙት ሥራ፣ በ2007ቱ ምርጫ ሰሞን በፌስቡክ የተጻፉ አስተያየቶችን መርምረው የጥላቻ ንግግር ሆኖ ያገኙት 0.7 በመቶውን ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ውኃ ፈስሷል፤ ቁጥሩ ዛሬም ያው ነው ለማለት አይደለም። ግን ያን ጊዜም ቢሆን በቀረው ውስጥ ተረቡ፣ ሽሙጡ፣ የውሸት ጥያቄው ነበር፤ እነዚህን ፍርድ ቤት አቅርቦ መዳኘት አይቻልም። መሞከሩንም አልደግፍም። ተረብን በፖሊስ የሚያስቆም አገር ከትሮሉ የባሰ ነገር ይገጥመዋል።

ታዲያ ጉዳቱ ምንድን ነው? የውሸቱ መስመር አንድ ቀን ይሰረዛል። ከተሰረዘ በኋላ የሚቀረው ጥርጣሬ ግን የሚያርፈው በትሮሉ ላይ አይደለም፤ እሱ ስሙን ቀይሮ ሄዷል። ጁዲት ዶናት እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ኢንተርኔት ማኅበረሰቦች በጻፈችው ጽሑፍ ይህን ቀድማ አይታለች፦ በትሮል የተቃጠለ ማኅበር የእውነት የዋህ ጥያቄ ይዞ የመጣውን አዲስ ሰው ትሮል ነህ ብሎ ይመልሰዋል።

አሁን አንድ የቦንጋ ተማሪ አስቡ። አያቱ ስለ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ሲያወሩ ሰምቶ አድጓል፤ በ1890 ዓ.ም. መጀመሪያ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር እንዴት እንደተያዙ፣ ከዚያ በፊት በጫካ ውስጥ ስንት ወር እንደተሸሸጉ ከቤተ ዘመድ የተረከበው ነገር አለው። ስልኩን ከፍቶ አንድ አንቀጽ ይጨምራል። መለያ ስም አላወጣም፤ ምንጭ አልጠቀሰም፤ አማርኛው ውስጥ የካፊ ኖኖ ቃል ገብቶበታል። ከሩቅ ለሚያየው አስተዳዳሪ ይህ ጽሑፍ ከትሮል ጽሑፍ በምን ይለያል? ባዕድ ስም፣ ያልተረጋገጠ ነገር፣ የማይታወቅ ጸሐፊ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ይሰረዛል። ልጁም ዳግመኛ አይመለስም። ፎጋሪው በበኩሉ ጨዋታውን ያውቃል፤ የሌለ መጽሐፍ ስም ከነገጹ ይጠቅሳል፣ ቋንቋውን ያስተካክላል፤ የእሱ ይቆያል።

ምንጭ ጥቀስ መባሉ በራሱ ስሕተት የለውም። የካፋ ችግር ግን ምንጮቹ የት እንዳሉ ነው። ስለ ድሮው መንግሥት በስፋት ከጻፉት ቀደምቶች አንዱ ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር ነው፤ ሁለት ጥራዝ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1923 በጀርመንኛ ታተመ። ቢበር ይህን ያጠናቀረው ከካፋ ሽማግሌዎች አንደበት እየሰማ ነው። የቢበር መጽሐፍ ምንጭ ሲሆን፣ ለቢበር የነገሩት ሽማግሌዎች የልጅ ልጆች ቃል ግን «ያልተረጋገጠ» ተብሎ ይሰረዛል። ይህ ፍትሕ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ሕንዳዊው አቻል ፕራባላ በሕንድና በደቡብ አፍሪካ ገጠሮች የሽማግሌዎችን ቃል በድምፅ ቀድቶ፣ ቅጂውን እንደ ምንጭ ለመጥቀስ የሚያስችል ሙከራ መርቶ ነበር። ሐሳቡ በዊኪፔዲያ አዘጋጆች ዘንድ ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። አንዱ መከራከሪያ፣ የተቀዳ ድምፅ ሁሉ ምንጭ ከሆነ ማንም ቀልደኛ የሐሰት ሽማግሌ ይዞ ይመጣል የሚል ስጋት ነው። ይኸው የትሮሉ ጥላ ነው፤ እሱ ያልረገጠው ቦታ ላይ እንኳ በሩን ያዘጋል።

ካፊ ኖኖ በትምህርት ቤት የሚሰጥ፣ በላቲን ፊደል የሚጻፍ ቋንቋ ነው፤ የራሱ ዊኪፔዲያ ግን የለውም። አንድ ቀን መከፈቱ አይቀርም። ሲከፈት የስኮትላንዶች ታሪክ ሊታወስ ይገባል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2020 በስኮትስ ቋንቋ ከተዘጋጀው ዊኪፔዲያ ውስጥ ከ20,000 በላይ ጽሑፎችን የጻፈው ቋንቋውን የማይናገር አሜሪካዊ ወጣት መሆኑ ታወቀ። እንግሊዝኛውን ፊደሉን እያጣመመ ነበር ያቀረበው። ክፋት አልነበረውም፤ ቋንቋውን እየረዳ የመሰለው ልጅ ነበር። ግን ለዓመታት ሰዎች ያንን ገጽ እያዩ «ስኮትስ ማለት የተበላሸ እንግሊዝኛ ነው» ብለው ስቀዋል። ትሮል ቢያስበው እንኳ ከዚህ የባሰ ሊያደርስ አይችልም ነበር። ባዶ የቀረ ቤት ቀልደኛም፣ የዋህም እኩል ይጎዱታል።

ስለዚህ ለቦንጋ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ማንኛውም ዊኪፔዲያ ላይ መለያ ስም ያለው ሰው የሚከታተላቸውን ገጾች መርጦ መመዝገብ ይችላል፤ ከተመዘገቡት ውስጥ አንዱ በተነካ ቁጥር ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ፊደል እንደለወጠ ከነቀድሞው ጽሑፍ ይታያል፤ መመለሱም አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ቦንጋ፣ ማንኪራ፣ የካፋ መንግሥት፣ ጋኪ ሸሮቾ፣ ካፊ ኖኖ፦ እነዚህን ገጾች በአማርኛም በእንግሊዝኛም የሚከታተሉ ሃያ የአካባቢው ልጆች ቢኖሩ፣ ሚ ማ ስትሆን በዚያው ቀን ይታያል። አዲስ ገቢውን ተማሪም ከፎጋሪው የሚለዩት እነሱ ናቸው፤ የአያቱን ቃል የሚያውቅ ሰው ገጹ ላይ ስላለ «ይህ እውነት ነው፣ ምንጭ እንፈልግለት» የሚለው ያገኛል። በተለይ ማንጆን የሚመለከተው ገጽ በማንጆ ወጣቶች እጅ ቢሆን እወዳለሁ። ስለ እነሱ ሌላው ሲቀልድ፣ ሌላው ሲጽፍ፣ ሌላው ሲያርም ኖሯል፤ የመጀመሪያው ተጠባባቂ ስም የእነሱ ቢሆን፣ የዚያ ገጽ የለውጥ መዝገብ ከላይ እስከ ታች ሌላ ዓይነት ንባብ ይኖረዋል።